ዕዳ ከሜዳ፦ የአሜሪካ ሆስፒታል ቢል ከየት መጣ?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። አሜሪካ ያላችሁ ለራሳችሁ ብላችሁ፣ አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ እዚህ ላለው ዘመዳችሁ ስትሉ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከራሴ ልጀምር። በዲቪ ቨርጂኒያ ከገባሁ ገና ስምንተኛ ወሬ ነበር። ቀን ምግብ አደርሳለሁ፣ ማታ ማታ እጽፋለሁ። ኢንሹራንስ አልነበረኝም። አንድ ሌሊት ጎኔን በጩቤ እንደ መውጋት አደረገኝና ላብ በላብ ሆንኩ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ደግፎ ኢመርጀንሲ ወሰደኝ። የኩላሊት ጠጠር ነበር።

እኛ አገር ሆስፒታል ስትሄድ መጀመሪያ ካርድ ታወጣለህ። ምርመራ ሲታዘዝልህ ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ጋ ትሰለፋለህ፤ ከፍለህ ደረሰኝህን ይዘህ ትመለሳለህ። አሠራሩ ያስመርራል፤ ገንዘብ ያጣ ሰው ከመስኮቱ ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ቢሆንም አንድ ነገር አለው፤ ሳትታከም ዋጋውን ታውቃለህ።

በዚያው ልማድ "ስንት ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። መዝጋቢዋ ፈገግ ብላ "አሁን ስለ እሱ አታስብ" አለችኝ። ደግነቷ ደስ አለኝ። ለካ እሷም አታውቀውም።

ስድስት ሰዓት ቆየሁ። ጉሉኮስ ተሰካልኝ፣ ማስታገሻ ተሰጠኝ፣ ሲቲ ስካን ተነሣሁ፤ ጠጠሩ ትንሽ ስለሆነ በራሱ ይወጣል ተብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሕክምናው ጥሩ ነበር፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ፖስታ መጣ፤ 9,860 ዶላር። በሳምንቱ ከሐኪሙ ድርጅት 1,240፣ ሲቲ ስካኑን ካነበበው ደግሞ 410። የሄድኩት አንድ ቦታ ነው፤ ባለዕዳ የሆንኩት ግን በሦስት ቦታ።

ስደውል አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ያሰሙኛል። አንዷ "ዝርዝሩን እንልክልሃለን" ትለኛለች፤ አይላኩም። በሌላ ቀን ያገኘሁት ሰውዬ የመጀመሪያዋ የነገረችኝን ጨርሶ አያውቅም። በአራተኛው ወር ሂሳቡ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ተላለፈ፤ ኮሌክሽን የሚሉት ማለት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ የሰው ምግብ ይዤ መንገድ ላይ እያለሁ ይደውላሉ። ፈራሁ። ክሬዲቴ እንዳይበላሽ ብዬ በክሬዲት ካርድ 2,000 ዶላር ከፈልኩ። ያ ውሳኔ ስሕተት እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ምክንያቱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ሙያዬ መጠየቅ ነውና፣ ይህ አሠራር ከየት እንደመጣ መቆፈር ጀመርኩ። ያገኘሁት ታሪክ ከጠበቅሁት በላይ ጠቀመኝ።

ሆስፒታል የድሃ ቤት ነበር

ከከፍተኛ ሕንፃዎቹ በስተጀርባ ያለው መነሻ ምጽዋት ነው። በ1751 ሐኪሙ ቶማስ ቦንድና ቤንጃሚን ፍራንክሊን ፊላደልፊያ ውስጥ የፔንሲልቫኒያ ሆስፒታልን ሲያቋቁሙ፣ ዓላማው ጠያቂ የሌለውን ድሃ በሽተኛ ማከም ነበር። በዚያ ዘመን ገንዘብ ያለው ሰው ሆስፒታል አይሄድም፤ ሐኪም ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ሆስፒታል መተኛት የድህነት ምልክት ነበር።

ይህ የተለወጠው ሳይንሱ ሲለወጥ ነው። በ1846 ቦስተን ላይ በኤተር ማደንዘዣ ቀዶ ሕክምና በአደባባይ ታየ። ቀጥሎ ጀርምን የመከላከል ዘዴ መጣ። በ1895 ኤክስሬይ ተገኘ። እነዚህን መሣሪያዎች ሐኪሙ በቦርሳው ይዞ ቤት ለቤት ሊዞር አይችልም። ሀብታሙም ወደ ሆስፒታል መምጣት ጀመረ። የሚከፍል በሽተኛ ሲመጣ የሂሳብ ክፍል ተከፈተ። የበጎ አድራጎት ስሙ ግን አልተነሣም፤ ከእሱ ጋር የመጣው ከግብር ነፃ የመሆን መብትም እንዲሁ።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ የጽሑፉ ቁልፍ እሱ ነው።

ኢንሹራንስን የወለደው ያልተከፈለ ቢል ነው

በ1929 ቴክሳስ ዳላስ ውስጥ በቤይለር ዩኒቨርሲቲ ስር ያለው ሆስፒታል በማይሰበሰብ ሂሳብ ተቸግሮ ነበር። ኃላፊው ጀስቲን ፎርድ ኪምባል ቀድሞ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የበላይ ነበር። መዝገቡን ሲያገላብጥ ያልከፈሉት ብዙዎቹ የሚያውቃቸው መምህራን ሆነው አገኛቸው። እነዚህ ሰዎች አጭበርባሪ አልነበሩም፤ ደመወዛቸው አንድ ድንገተኛ ሕመም መሸከም የማይችል ነበር እንጂ።

ኪምባል አንድ ዘዴ ፈጠረ። እያንዳንዱ መምህር በወር 50 ሳንቲም ያዋጣል፤ ከታመመ እስከ 21 ቀን ሆስፒታል ይተኛል። ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ወዲያው "እድር ነዋ!" ይላል። ትክክል ነው፤ አሠራሩ ከእድር ብዙም አይርቅም። ከዚህ ጅምር ነው ብሉ ክሮስ የሚባለው የኢንሹራንስ ቤተሰብ ያደገው። የመነሻው ፍላጎት ግን የበሽተኛው ብቻ አልነበረም፤ ሆስፒታሉ ገንዘቡን እርግጠኛ ሆኖ እንዲያገኝም ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1942 መንግሥት ዋጋ እንዳይንር ብሎ ደመወዝ እንዳይጨመር ገደበ፤ ኢንሹራንስን የመሰለ ጥቅማ ጥቅም ግን ከገደቡ ውጭ ሆነ። ሠራተኛ ያጠራቸው ድርጅቶች በደመወዝ ፋንታ ኢንሹራንስ መስጠት ጀመሩ። በ1954 አሠሪው የሚከፍለው የጤና ኢንሹራንስ ለሠራተኛው ግብር የማይከፈልበት መሆኑ በግብር ሕጉ ተደነገገ። እንዲህ ሆኖ ሕክምና ከሥራ ጋር ተጋባ። ሥራህ ጥሩ ከሆነ ትታከማለህ፤ ፓርኪንግ የምትሠራ፣ ታክሲ የምትነዳ፣ ምግብ የምታደርስ ከሆንክ ግን ከዚያ ጋብቻ ውጭ ነህ።

በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን ፈረሙ። አረጋውያንና ብዙ ድሆች ከለላ አገኙ። እኛን የሚነካው ሌላ ሕግ ግን በ1996 ወጣ። በእሱ መሠረት አብዛኛው ግሪን ካርድ ያዥ አምስት ዓመት ሳይሞላው ሜዲኬይድ አያገኝም። በዲቪ የመጣ ሰው አቅሙ በጣም ደካማ በሆነባቸው ዓመታት ከለላው ተነሣበት ማለት ነው። እኔም ኢንሹራንስ ከገበያው በድጎማ መግዛት እችል እንደነበር ያወቅሁት ከታመምኩ በኋላ ነው።

ማንም የማይከፍለው ዋጋ

9,860 ዶላር የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ቻርጅማስተር ከሚባል ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ሆስፒታል ከመርፌ እስከ ቀዶ ሕክምና ለሁሉም ነገር ዋጋ የጻፈበት መዝገብ አለው።

ሜዲኬር ሲጀመር ለሆስፒታሎች የሚከፍለው ያወጡትን ወጪ አይቶ ነበር። ይህ ወጪን ስላናረ በ1983 መንግሥት ለየበሽታው የተቆረጠ ዋጋ መክፈል ጀመረ። የግል ኢንሹራንሶች ደግሞ ጉልበታቸውን ተጠቅመው ቅናሽ መደራደር ያዙ። ቅናሽ የሚጠየቅ ነጋዴ ምን ያደርጋል? መርካቶ የሄደ ሰው መልሱን ያውቃል፤ መጀመሪያ የሚጠራውን ዋጋ ከፍ ያደርጋል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። መርካቶ ውስጥ የመጀመሪያው ጥሪ የድርድር መክፈቻ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሆስፒታል ውስጥ ግን መንግሥትና ኢንሹራንሶች ያውቃሉ፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው አያውቅም። ስለዚህ ከሁሉም ደካማ የሆነው ሰው ከሁሉም ከፍ ያለውን ዋጋ ይጠየቃል። ጋዜጠኛው ስቲቨን ብሪል በ2013 ታይም መጽሔት ላይ ባወጣው ረጅም ጽሑፍ ይህን ዝርዝር አደባባይ አወጣው። ከ2021 ጀምሮ ሆስፒታሎች ዋጋቸውን በይፋ እንዲያወጡ ደንብ ያስገድዳቸዋል።

ሌላ መንገድ እንደሚቻል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቨርጂኒያ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ግቡ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ስቴት ነው። ሜሪላንድ በ1971 ባወጣችው ሕግ የሆስፒታል ዋጋ የሚወስን ኮሚሽን አቋቋመች። ከ1970ዎቹ ጀምሮ እዚያ ኢንሹራንስ ያለውም የሌለውም በመሠረቱ የሚጠየቀው ያው ኮሚሽኑ የወሰነውን ዋጋ ነው። ድልድዩን ስትሻገሩ ሕመሙ አይለወጥም፤ ቢሉ ግን ይለወጣል። ይህ አሠራር ከተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን ሰዎች የወሰኑት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳየኝ የለም።

ከግብር ነፃ የመሆን ዋጋ

አሁን ወደ ያዝነው ነጥብ እንመለስ። በ1946 ሂል በርተን የሚባል ሕግ ወጣ። የፌዴራል መንግሥት ለሆስፒታል ግንባታ ገንዘብ ሰጠ፤ በምላሹ ሆስፒታሎቹ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ተመጣጣኝ የነፃ ሕክምና እንዲሰጡ ግዴታ ገቡ። ሕንፃዎቹ ፈጥነው ተሠሩ። ግዴታውን የሚከታተል ግን ለረጅም ዓመታት አልነበረም።

በ1956 የግብር መሥሪያ ቤቱ ከግብር ነፃ የሆነ ሆስፒታል አቅሙ በፈቀደ መጠን ድሃን ማከም አለበት ብሎ ወሰነ። በ1969 ያንኑ አላላው፤ "ለማኅበረሰቡ ጥቅም" መሥራት ይበቃል ተባለ። በ1986 የወጣው ሕግ ድንገተኛ ሕመም ይዞ የመጣን ሰው ሆስፒታል ገንዘብ የለህም ብሎ እንዳይመልሰው አስገደደ። ትልቅ ሕግ ነው፤ እኔም በዚያ ሌሊት ያዳነኝ እሱ ነው። ይሁን እንጂ ካከሙ በኋላ ቢል መላክን አይከለክልም። በር ላይ የነበረው የገንዘብ ጥያቄ ወደ ፖስታ ሳጥን ተዛወረ።

ከፖስታ ሳጥኑም ወደ ፍርድ ቤት። በ2019 ካይዘር ኸልዝ ኒውስ ያወጣው ምርመራ እዚሁ ቨርጂኒያ ያለው የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተቋም በስድስት ዓመት ውስጥ ከ36,000 ጊዜ በላይ በሽተኞችን እንደከሰሰ፣ የጠየቀውም ገንዘብ ከ106 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደነበር አሳየ። ተቋሙ ዘገባው ከወጣ በኋላ አሠራሩን እንደሚያሻሽል አስታወቀ። በ2022 ደግሞ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በአሜሪካውያን የክሬዲት መዝገብ ላይ የተጻፈ የሕክምና ዕዳ 88 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ገለጸ።

ለውጥ የመጣው በ2010 በወጣው የኦባማ የጤና ሕግ ውስጥ በተሸጎጠ፣ ብዙ ሰው በማያውቀው አንቀጽ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከግብር ነፃ ሆኖ ለመቀጠል በጽሑፍ የተቀመጠ የገንዘብ እርዳታ መመሪያ ሊኖረው ይገባል። እርዳታው የሚገባውን ሰው ኢንሹራንስ ካላቸው ሰዎች በአማካይ ከሚገኘው በላይ ማስከፈል አይችልም። የመጀመሪያው ቢል ከተላከ 120 ቀን ሳይሞላ መክሰስ ወይም ለክሬዲት ድርጅት ማሳወቅ አይፈቀድለትም። ማመልከቻውን ደግሞ እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለበት። እርዳታው ሲፈቀድ በሽተኛው ከሚገባው በላይ ከፍሎ ከነበረ ይመለስለታል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። መመሪያው በሆስፒታሉ አካባቢ በሚኖሩ፣ እንግሊዝኛ በማይችሉ ሰዎች ቋንቋ መተርጎም አለበት፤ መለኪያው 1,000 ሰው ወይም ከአካባቢው ሕዝብ 5 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው ነው። ዋሽንግተንና ዙሪያዋ ስንት ሺህ ሆነን እንደምንኖር ታውቃላችሁ። ስለዚህ "በአማርኛ ስጡኝ" ማለት ውለታ መለመን አይደለም።

"የድሃ ፎርም"

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ መጀመሪያ የሰማሁት ከአንዲት እናት ነው። ሃያ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት የሠሩ ናቸው። ስድስተኛው ወር ላይ ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ፎርሙን ሞላህ?"

"የምን ፎርም እማማ?"

"የድሃ ፎርም ነዋ!"

ደነገጥኩ። "እኔ እኮ ድሃ አይደለሁም" አልኳቸው። አገር ቤት ጎረቤታችን የነፃ ሕክምና ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ሲመላለሱ፣ ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ሲይዙት ትዝ አለኝ። ያ ወረቀት የሰውን ፊት ያሳያል። እኔ ዲግሪ አለኝ፣ ለቤተሰብ ገንዘብ እልካለሁ፣ ድሃ መባል አልፈለግሁም።

እማማ ሳቁ። "አንተ ባትሆን ወረቀትህ ድሃ ነው። የሚያዩት ወረቀትህን ነው" አሉኝ።

ፎርሙ አራት ገጽ ነበር። ለካ ከመጀመሪያው ፖስታ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል ስለ እሱ ተጽፎ ነበር፤ የፊት ለፊቱን ቁጥር ብቻ ስለማይ አላነበብኩትም። የደመወዝና የግብር ወረቀቴን አያይዤ ላክሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። የሆስፒታሉ ሂሳብ ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል፤ የከፈልኩት 2,000 ዶላርም በቼክ ተመለሰ።

ተረት ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። የሐኪሙ ድርጅት ግን ከሆስፒታሉ የተለየ ነው፤ መመሪያው አይነካውም ተባልኩ። የሲቲ ስካኑንም እንዲሁ። እነሱን በወር 60 ዶላር እየቆራረጥኩ ዛሬም እከፍላለሁ። በክሬዲት ካርዱ ላይ የወጣብኝን ወለድም ማንም አልመለሰልኝም።

ስሕተቴን እነግራችኋለሁ ያልኩት ይህ ነው። የሆስፒታል ዕዳን በክሬዲት ካርድ ስትከፍሉ ዕዳው የባንክ ዕዳ ይሆናል፤ ለሕክምና ዕዳ የተሰጠው ከለላ አብሮት አይሄድም። ሦስቱ ትልልቅ የክሬዲት ድርጅቶች ከ2022 ጀምሮ የተከፈለ የሕክምና ዕዳን፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ከመዝገብ አውጥተዋል። ያልተከፈለውም አንድ ዓመት ሳይሞላው አይጻፍም። ሙሉ በሙሉ የሚያስወጣ የመንግሥት ደንብ በጃንዋሪ 2025 ወጥቶ ነበር፤ በጁላይ ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው። እኔ ግን በፍርሃት የሮጥኩት ሊጻፍ ገና ብዙ ወራት ከቀሩት ነገር ነው።

ቢል ለደረሳችሁ ባጭሩ፦

1. ዝርዝር ሂሳብ በጽሑፍ ጠይቁ። ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ።
2. ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልቆመ መሆኑን አጣሩና የገንዘብ እርዳታ ፎርሙን ጠይቁ። ሕጉ ለትርፍ የሚሠሩትን ባያስገድድም ብዙዎቹ የራሳቸው መመሪያ አላቸው።
3. 240 ቀኑ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ቢል ነው። ፖስታውን ከነቀኑ አስቀምጡ።
4. ኢንሹራንስ ከሌላችሁና ቀጠሮ ከያዛችሁ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ጠይቁ። ከ2022 ጀምሮ መብታችሁ ነው። ቢሉ ከግምቱ 400 ዶላር ወይም በላይ ከበለጠ መከራከር ትችላላችሁ።
5. ዕዳ ሰብሳቢ ሲመጣባችሁ የዕዳው ማስታወቂያ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተቃወሙ፤ ማስረጃ እስኪያቀርብ መሰብሰቡን ማቆም አለበት።

እኛ ሐበሾች ይሉኝታ አለብን። ዕዳ ካለብን እንቅልፍ የለንም፤ ዘመድ ተበድረን እንከፍላለን፣ እቁባችንን አስቀድመን እንወስዳለን። ይህ ጨዋነት የሚያኮራ ነው። ግን ጨዋነት የሚሠራው ከወዲያኛው በኩል ያለውም የቆረጠው ዋጋ እውነት ሲሆን ነው። ሆስፒታሉ ግብር ያልከፈለበት ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ እናንተ ከምግብ ማድረሱም ከታክሲውም ላይ ግብር ትከፍላላችሁ። ያ ፎርም ለዚህ የተሰጠ ምላሽ ነው። ከ1751 ጀምሮ የነበረ ቃል ነው፤ ጠያቂ ሲጠፋ ይረሳል፣ ጠያቂ ሲመጣ ይታወሳል።

አባቶቻችን "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይላሉ። ቢልም እንደዚያው ነው። መሳቢያ ውስጥ የደበቃችሁት ፖስታ ካለ ዛሬ ማታ አውጡትና ጀርባውን አንብቡ። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናትና አባቶችም አንብቡላቸው።

በሰላም ቆዩ።